የእትዬ ጦይባ ቤተሰብ

በባቡሩ ውስጥ ከየመቀመጫው ጀርባ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ተለጥፏል፦ «ሰላምታ ከሦስት ሰከንድ አይብለጥ።» ከሥሩ በትንንሽ ፊደል የአዋጁ ቁጥር ሰፍሯል።

የፈቃድ ማጣሪያ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛው እንድሪስ ተገኝ ይህን ጽሑፍ ማየት ካቆመ ዓመታት ሆኖታል። የሚያየው ከፊቱ ያሉትን ሁለት ሴቶች ነው። ሐርቡ ጣቢያ ላይ አንዷ ስትሳፈር ሌላዋ ብድግ ብላ ተቀበለቻት። ጉንጭ ለጉንጭ ተገናኙ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ከዚያ እሳት እንደነካው ሰው ተለያዩ። ከተቀመጡ በኋላ ግን እስከ ኮምቦልቻ ድረስ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆዩ። እጅ መያያዝ አልተከለከለም።

ፋይሉ ከጆሮ ወደ ጆሮ ለማለፍ ሰባት ሰከንድ ይፈጅበታል። ሕግ አውጪዎቹ ሦስት ያሉት ለጥንቃቄ ነው።

ከጆሮ ጀርባ የምትለጠፈውን ነገር ሰዉ ባቄላ ይላታል፤ መልኳ ስለሚመስል። ባቄላዋ ራሷ ቁም ነገር አይደለችም፤ ገበያ ላይ ከቁልፍና ከመርፌ ጋር ተደርድራ ትገኛለች። የምታሰማው ውስጧ ያለው ፋይል ነው። ፋይሉ ደግሞ የባለመብቱ ነው። ባለመብቱ አንድ ድርጅት ይሁን ብዙ፣ በየትኛው አገር እንደሚቀመጥ፣ እንድሪስ እየሠራለት እንኳ በትክክል አያውቅም። ደብዳቤዎቹ «ባለመብቱ» ይላሉ፤ ሰዉም እንደዚያው ይለዋል፣ በድሮ ጊዜ «መንግሥት» ይል እንደነበረው።

ኮምቦልቻ የሸማኔ ከተማ ናት። የፋብሪካዎቹ መዘውሮች ጆሮ በሚያደነቁር ጩኸት በሦስት ፈረቃ ሲዞሩ ሁለት ትውልድ አልፏል፤ በቦርከና ወንዝ ዳር ባለው ክር ሰፈር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖ ያለ ባቄላ የሚሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። እንድሪስም የተወለደው እዚያ ነው። እናቱ የሽመና መኪናዋ ሥር በጨርቅ ጠቅልላ ስታስተኛው ያደገ ልጅ ስለነበረ፣ ገና ፊደል ሳይቆጥር ነው ጆሮው የጠፋው። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለትምህርት ወጣ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት በውጭ አገር፣ ታሊን በምትባል የባሕር ጠረፍ ብርዳም ከተማ ኖረ፤ ከተመለሰ አራት ዓመቱ ነው። በአራቱ ዓመት አንድ ጊዜም ወደ ክር ሰፈር አልሄደም። ሥራ ስለበዛበት ነው ይል ነበር።

አሁን የሚሄደው ሥራው ስለወሰደው ነው።

አንድ ፈቃድ ለአንድ ቤተሰብ ይሰጣል። በየወሩ አዲሱ ፋይል በባለፈቃዱ ጆሮ ላይ ይወርዳል፤ ባለፈቃዱ ለልጁ፣ ልጁ ለእናቱ፣ ጆሮ ለጆሮ እየተጠጉ ይቀባበሉታል። በቤተሰብ ውስጥ ማጋራት መብት ነው፤ ከቤተሰብ ውጭ ስርቆት ነው። እዚህ ድረስ ሁሉም ግልጽ ነው። ግልጽ ያልነበረው ቤተሰብ ማለት ማን እንደሆነ ነው።

እንድሪስ ገና ተማሪ ሳለ ባለመብቱ ለየአገሩ ቅጽ ሲያዘጋጅ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎችን ሰብስቦ አማከረ። ያረቀቁት ጥያቄ «በአንድ ጣሪያ ሥር አብሮዎት የሚያድረው ማን ነው?» የሚል ነበር። እንድሪስ እጁን አወጣ። እኛ አገር ጣሪያ ሰው አይለይም አለ፤ ተከራዩም፣ ለትምህርት ከገጠር የመጣ የጎረቤት ዘመድም በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። ዘመድን የሚለየው ለቅሶ ነው። ሰው ሲሞት ባዕድ ደርሶ ይመለሳል፤ ቤተሰብ ግን ይቀመጣል። ስለዚህ «ሐዘን ሲደርስብዎ አብሮዎት የሚቀመጠው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ አላቸው። አዳራሹ አጨበጨበለት። ኋላ ሥራውን ያገኘውም በዚያች ጥያቄ ነው።

ሲጠየቁ የሚዋሹ ሰዎችን አስቦ ነበር። እውነቱን የሚመልሱትን አላሰበም።

በቦርሳው የያዘው መዝገብ እንዲህ ይላል፦ ባለፈቃድ፣ ጦይባ ሙሄ፤ ዕድሜ፣ ሰባ አንድ፤ ሥራ፣ ጡረተኛ ሸማኔ፤ አድራሻ፣ ኮምቦልቻ፣ ክር ሰፈር፤ የቤተሰብ ብዛት፣ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት።

የጽሕፈት ቤቱ ማሽን ከጎኑ የጥርጣሬ ምልክት አኑሯል። ቤተሰቡ ፋሲካንም ኢድንም ያከብራል። ሰባ አንድ የተለያየ የወንድ አያት ስም ተመዝግቧል። ሦስት ሰዎች በትውልድ ቀናቸው ከባለፈቃዷ ይበልጣሉ፤ ሆኖም «ልጅ» ተብለዋል።

የእንድሪስ አለቃ ወይዘሮ ሕሊና መዝገቡን ስትሰጠው አልተቆጣችም። ተቆጥታ አታውቅም። «ጥያቄውን የጻፍከው አንተ ነህ» አለችው፤ «መልሱንም አንተው አጣራ። መዝገቡ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ይዘጋል። ማስረጃ ካልቀረበ ማሽኑ ሥጋ ዘመዶቹን ስድስቱን ትቶ የቀረውን ይሰርዛል።»

*

እትዬ ጦይባ በር ላይ ቆመው ነበር የጠበቁት። አጭር ናቸው፤ ጀርባቸው መኪና ላይ አርባ ዓመት ጎንበስ ብሎ እንደዚያው ቀርቷል። ሲያዩት አንገቱን ይዘው ወደ ታች ሳቡትና ጉንጫቸውን ከጉንጩ አገናኙ። እንድሪስ ሳያስበው ቆጠረ። ሦስት ላይ ቀና ሊል ሲል ክንዳቸው ጠበቀበት።

«ሳልጠግብህ የት ነው?» አሉት።

«እትዬ፣ ሰላምታው...»

«አውቃለሁ ሰላምታውን። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያልሳምኩህን ነው አሁን የምስምህ። የአዋጁን አይደለም።»

አምስት ላይ ተላቀቀ። እሳቸው ትክ ብለው አዩትና ሳቅ አሉ። «ቆጣሪ ሆነህ መጣህ አሉ እንጂ ስስምህም ትቆጥራለህ አላሉኝም።»

ከቤት ውስጥ ጋሽ ጌታሁን አሊ ተቀምጠዋል። የሰፈሩ ቅሬ፣ ማለትም የዕድሩ፣ ለፋፊ ናቸው፤ ሰው ሲሞት በየመንደሩ ዞረው ይናገራሉ፤ የሰማው ላልሰማው እንዲያደርስ። ድሮ ከእንድሪስ አባት ጋር አይለያዩም ነበር።

«ና ተቀመጥ፣ የተገኝ ልጅ» አሉት። «ጉንጭህን አልነካም፤ ሥራህን እንዳላበላሽብህ። ከሩቁ እንደምን ዋልክ።»

እንድሪስ መዝገቡን አወጣ። ስም ሲያነብ እትዬ ጦይባ እየመለሱለት፣ ጋሽ ጌታሁን ጣልቃ እየገቡ፣ ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። ቁጥር ዐርባ ሦስት፣ ተዋበች መኰንን፤ ምንዎት ናት? «እህቴ ናት።» በአባት ወይስ በእናት? «በቅሬ።» ቁጥር ዘጠና፣ ሰይድ እንዳልካቸው። «ልጄ ነው።» ሰባ አራት ዓመቱ ነው፣ ከእርስዎ ይበልጣል። «እናቱ ስትሞት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ታዲያ የማን ልጅ ይሁን?» ቁጥር መቶ ሰማንያ ሰባት፣ ከድጃ አራጋው፣ ሃያ አራት ዓመት።

«እሷን ጥራት፣ በሞቴ» አሉ እትዬ ጦይባ ጋሽ ጌታሁንን፤ ወደ እንድሪስ ዞረውም፦ «እሷን እያት።»

ከድጃ የስድስት ወር ልጅ ታቅፋ መጣች። በር ላይ ሆና «ጤና ይስጥልኝ» አለች። ልጁ ቀስ ብሎ ሳል ሲል ፊቷ ወዲያው ወደሱ ዞረ። እንድሪስ ያንን አየ። እትዬ ጦይባም ማየቱን አዩ።

ስትሄድ እንድሪስ መዝገቡን አስቀመጠ። «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ይሄ ሕጉ ስርቆት የሚለው ነው።»

«ከማን ነው የሰረቅኩት?»

«ከሠራው ሰው።»

«ምን ጎደለበት? ለከድጃ ቂጣ ብሰጣት ከኔ ይጎድላል። ይሄ እንደሆነ ሰጥቼውም እኔው ጋ ነው። ለሷ ስሰጣት ደንቁሬ ቀረሁ?»

«ከሠሩት አንዷን አውቃታለሁ» አላቸው። እያወቀ ነው ቀስ ብሎ የተናገረው። «ማሬ ትባላለች። ልጇ ደንቆሮ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ያንን ብቻ ስትሠራ ዓይኗ ተበላሸ። ክፉ ሰው አይደለችም። ሁሉም እንደ እርስዎ ቢያደርግ እንደ እሷ ያለ ሰው በምን ይኖራል? የሚቀጥለውን ማን ይሠራዋል?»

እትዬ ጦይባ አሰቡበት። ለይስሙላ አልነበረም፤ ግንባራቸው ተቋጥሮ አሰቡበት።

«ልጅቷ አሁን ትሰማለች?»

«ትሰማለች።»

«አልሐምዱሊላህ። እናትየዋን ስታገኛት በኔ ስም ሳምልኝ። እኔ ስሟን አላውቅም ነበር፤ የደከመበት ሰው እንዳለ ግን አውቃለሁ። ግን ጠይቃት። ከድጃ ሌሊት ልጇ ሲያለቅስ ባትሰማ ለዚያች እናት ምን ይጠቅማታል?»

እንድሪስን ከጥያቄያቸው ይልቅ ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነው። አባቱ ተገኝ የሰፈሩ የመጨረሻ ጫኝ ነበር። በሱቁ በር ላይ «እንጭናለን» የሚል ሰሌዳ ነበረው፤ ፊልም፣ ዘፈን፣ መጽሐፍ ስልኩን ላመጣ ሁሉ ይጭን ነበር። እንድሪስ ታሊን የገባበትን ፈተና ያለፈው አባቱ ከየት እንዳመጣቸው በማይታወቁ መጻሕፍት ነው። ከመካከላቸው አንዱም በባለቤቱ ፈቃድ የተወሰደ አልነበረም። ይህን ለጽሕፈት ቤቱ ነግሮ አያውቅም። ታሊንም ሆኖ፣ የአንዱን መጽሐፍ ደራሲ በመንገድ ሲያልፍ አይቶ ወደ ሌላው ዳር ተሻግሯል።

«የመጨረሻውን ስም አላነበብከውም» አሉ ጋሽ ጌታሁን።

እንድሪስ መዝገቡን ገለጠ። ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ አራት፦ እንድሪስ ተገኝ። ዝምድና፣ ልጅ። ማስታወሻ፣ ለጊዜው በውጭ ያለ።

«አባትህ የሞተ ጊዜ ነው ያስገባሁህ» አሉ እትዬ ጦይባ። «አልመጣህም። መንገዱም ሩቅ ነበር። ባንተ ቦታ ተዋበች ተቀመጠችልህ፤ ከዋናው ምሰሶ ሥር፣ የልጅ ቦታ ላይ። ስለዚህ የኛ ነህ አልኩና ጻፍኩህ።»

«ቅጹ የሚለው አብሮ የተቀመጠ ነው» አለ እንድሪስ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «እኔ አልተቀመጥኩም።»

«እንግዲያው ቆጣሪው ራሱን ይሰርዛ» አሉ ጋሽ ጌታሁን፣ ሳይስቁ።

*

በማግሥቱ ረቡዕ ጠዋት እንድሪስ በሰፈሩ ውስጥ አለፈ። በክር ሰፈር ጠዋት ጠዋት ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ከእንቅልፉ ሲነሳ ባቄላውን ለጥፎ የገዛ ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል። ከሰማው ፋይሉ አለ ማለት ነው። በየመስኮቱ ስም ይሰማል፦ «ተዋበች...» «ሰይድ...» «መሬማ...» ማንም ማንንም አይጠራም። እንድሪስም በሆቴሉ እንደዚሁ አድርጎ ነው የወጣው። የሱ ፋይል የመሥሪያ ቤት ፋይል ነው፤ ከማንም አይወረስም፣ ለማንም አያልፍም።

ለሕሊና ደወለላት።

«ለቅሶ ማስረጃ ይሆናል» አለችው። «ደንቡን አየሁልህ። ባለፉት ዐሥራ ሁለት ወራት ውስጥ ቤተሰቡ አንድ ለቅሶ ተቀምጦ ከሆነ፣ የተቀመጡት ሁሉ ይጸናሉ። የሰፈሩ የሞት መዝገብ ምን ይላል?»

መዝገቡን እሱም አይቶታል። በክር ሰፈር ለዐሥራ ስድስት ወራት ማንም አልሞተም።

ከሰዓት በኋላ በቅሬው ግቢ ይህን ለተሰበሰቡት ሲነግራቸው ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያፈሩ ይመስሉ ነበር፤ ጤና ሆነው መክረማቸው ጥፋት የሆነባቸው።

«ባለፈው ክረምት ሰይድ ታሞ ነበር» አለ አንዱ።

«ዳንኩኝ» አለ ሰይድ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

«እንግዲህ ማስረጃው ለቅሶ ከሆነ ለቅሶ እናምጣለት» አሉ ጋሽ ጌታሁን። «እኔ ልሙት። ቆሜ አልቅሱልኝ፣ ይቁጠረንና ይሂድ። ሁልጊዜ የሌላውን ሞት ስለፍፍ ኖሬያለሁ፤ ምን እንደምትሉኝ ልስማ።»

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሐሳቡ አልሄደም። አንዳንዱ ሟርት ነው አለ። አንዲት አሮጊት በሕይወት ላለ ሰው ድንኳን አይተከልም ብለው ተነሱና መልሰው ተቀመጡ። ከድጃ ልጇን እያጠባች ነበር።

«ጌታሁን አይሆንም» አሉ እትዬ ጦይባ። «ልቡ ደካማ ነው። በቀልድ ጠርተነው በእውነት ቢመጣ ሚስቱን ምን እላታለሁ? ቤቱ የኔ ነው፤ ለቅሶውም የኔ ይሁን።»

«እትዬ...»

«ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ቀልዱም ለኔ ነው የሚቀርበው።» ወደ እንድሪስ ዞሩ። «ይሆናል አይሆንም? አንተ ንገረን። የተማርከው አንተ ነህ።»

ሁለት መቶ ሰው አየው። እንድሪስ ቅጹን በልቡ አገላበጠ። ቅጹ ለቅሶው ተቀምጧል ወይ፣ ለማን፣ ስንት ሰው ተቀመጠ ብሎ ይጠይቃል። ሬሳ አይጠይቅም። እሱ ራሱ ነው ሬሳ እንዳይጠይቅ የተከራከረው፤ ነውር ነው ብሎ። እውነት የሚባል ነገር እዚህ ጋ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተው። ሰዎቹ በእርግጥ ቤተሰብ ናቸው። በእርግጥ ይቀመጣሉ። ውሸት የሚሆነው ሴትዮዋ መሞታቸው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀኑ አልደረሰም እንጂ ውሸት አይደለም።

«ይሆናል» አለ።

*

ሐሙስ ጠዋት የቅሬው ድንኳን ተተከለ። አግዳሚዎቹ ወጡ፣ ሰሌኑ ተነጠፈ። ጋሽ ጌታሁን በየመንደሩ ዞረው የጦይባ ሙሄን ሞት ሲለፍፉ ራሳቸው እትዬ ጦይባ በር ላይ ቆመው «ጮክ በል፣ ደክመሃል» ይሏቸው ነበር።

በሦስት ሰዓት ድንኳኑ ሞላ። መጀመሪያ ሰዎቹ አፈሩ። እንዴት እንደሚጀመር ጠፋባቸው። እትዬ ጦይባ ጥቁር ለብሰው ከዋናው ምሰሶ ሥር፣ በሟች ዘመድ ቦታ ተቀምጠዋል፤ ሰው ሁሉ እሳቸውን ሲያይ ፈገግ እያለ ዓይኑን ይመልሳል።

«ምን ነው፣ የሚባልልኝ ጠፋ?» አሉ።

ተዋበች ተነሳች። ከመኪና ላይ ተባራ ያለ ሥራ በከረመችበት ዓመት እትዬ ጦይባ የፈረቃቸውን እኩሌታ ለሷ ለቀው፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ እግራቸውን ታመምኩ ብለው ቤት እንደዋሉ ተናገረች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማንም አልነገረችም ነበር። ስትጨርስ አልተቀመጠችም፤ ባለችበት ቆማ ታለቅስ ጀመር። ከዚያ በኋላ ቀልድ አልነበረም። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይነሳል። ሰይድ ስለ እናቱ ቀብር ተናገረ። ጋሽ ጌታሁን ስለ ተገኝ ተናገሩ፤ ተገኝ በመጨረሻው ሳምንት መስማት ሲያቅተው ጦይባ ጆሮዋን ከጆሮው አድርጋ ትተኛ እንደነበረ፣ ፋይሉ ለሕመምተኛ ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ የልጁን የስልክ ድምፅ ሰምቶ እንዲሞት።

እንድሪስ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ነበር። ያንን አያውቅም ነበር። የዚያን ሳምንት አባቱ ስልክ ላይ «እየሰማሁህ ነው፣ እየሰማሁህ ነው» ይለው እንደነበረ ብቻ ያስታውሳል።

እትዬ ጦይባ ያዳምጣሉ። አንዳንዴ «እሱማ ውሸት ነው» ይላሉ፤ አንዳንዴ ጉልበታቸውን ይይዛሉ። ከድጃ ስትነሳ ብዙ አልተናገረችም። «ልጄን የሰማሁት በእርስዎ ነው» ብላ ተቀመጠች።

ወደ ስድስት ሰዓት ሲጠጋ እንድሪስ መቁጠር ጀመረ። ከበሩ እስከ ምሰሶው ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ሁለቱም ጊዜ ከባለፈቃዷ ጋር ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት ሆነ። አንድ ቦታ ባዶ ነበር፤ ከምሰሶው ሥር ከእትዬ ጦይባ ጎን፣ ማንም ያልተቀመጠበት። እትዬ ጦይባ በእጃቸው ሰሌኑን መታ መታ አደረጉለት። ና ተቀመጥ።

ሄዶ መቀመጥ ይችል ነበር። ሦስት እርምጃ ነው። ግን ቆጣሪ የሚቆጥረው ውስጥ ቢገባ ሪፖርቱ ይበላሻል፤ ያ አንደኛው ምክንያት ነው። ሁለተኛውን ለራሱ በደንብ አልነገረውም። «እጨርስና» አላቸው፤ ጣቱን በእጁ ወደያዘው የመሥሪያ ቤቱ የንክኪ ሰሌዳ እያሳየ።

ለቅሶ ተቀምጧል? አዎ። ለማን? የሁለት መቶ ዐሥራ አራቱ ስም ዝርዝር ወጣ፤ ከላይ ያለውን ነካ፤ ጦይባ ሙሄ። የተቀመጡ ብዛት፣ ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት። ላከው።

መልሱ ወዲያው መጣ። «ቤተሰብነቱ ተረጋግጧል» ይላል። ከሥሩ ሌላ መስመር ተጻፈ፦ «ባለፈቃዷ ጦይባ ሙሄ በሞት በመለየታቸው ፈቃዱ ተዘግቷል። ሐዘናችሁን እንጋራለን።»

ደግሞ አነበበው። ለቅሶውን የጠየቀው እሱ ነው፤ ለቅሶ የተቀመጠለት ሰው ምን እንደሚሆን የወሰነው ግን ሌላ ሰው ነው፣ ምናልባት በዚያው ሕንፃ፣ ሁለት ፎቅ ከሱ በላይ፣ ስለ ለቅሶ ምንም ጥርጣሬ ያልነበረው ሰው። የጋሽ ጌታሁንን ስም ነክቶ ቢሆን አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር የሚደነቁረው።

ድንኳኑ ውስጥ መጀመሪያ የሆነ ነገር የለም። ሰይድ እንደገና ተነስቶ እየተናገረ ነበር፤ ተናግሮ ተናግሮ በመካከል ቆመ። እጁን ወደ ጆሮው ወሰደ። ከሱ ቀጥሎ ያለው ሰው እጁን ወደ ጆሮው ወሰደ። እንደ ነፋስ ከፊት ወደ ኋላ አለፈ፤ ሁለት መቶ እጅ ወደ ጆሮ ወጣ። ጎረቤት ለጎረቤት ጉንጩን አስጠጋ፤ ሦስት ሰከንድ አለፈ፣ ሰባት አለፈ፣ አሥር አለፈ፤ የሚያልፍ ነገር አልነበረም። የከድጃ ልጅ አለቀሰ። ከድጃ ወደ ምሰሶው ነበር የምታየው።

እንድሪስ ወጥቶ ደወለ። «በሕይወት አሉ» አላት ሕሊናን። «ከፊቴ ተቀምጠዋል።»

«ይገባኛል» አለች። በእርግጥ የገባት ይመስላል። «ይግባኝ አለው። በአካል ቀርበው ማንነታቸውን ያረጋግጣሉ። በድምፅ ነው፤ ስድስት ጥያቄ ይጠየቃሉ፣ ይመልሳሉ።»

«በምን ይሰሙታል?»

«ሥርዓቱ በድምፅ ነው» አለች ሕሊና። «ያንተ ፋይል ደህና ነው አይደል? ከተቀመጡት ውስጥ አልነበርክም።»

«አልነበርኩም» አለ።

ሲመለስ ድንኳኑ ውስጥ ድምፅ ተነስቷል። ማልቀስ መሰለው፤ ቀረብ ሲል ግን አልነበረም። ሁሉም የየራሱን ስም ይጠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት እንደሚያደርጉት፣ መስማታቸውን ለማወቅ፣ አንዴ ቀስ ብለው፣ ደግሞ ጮክ ብለው፣ አንዱ ከሌላው ጋር ሳይገጥም። «ሰይድ... ሰይድ...» «ተዋበች መኰንን...» ጋሽ ጌታሁን በለፋፊ ድምፃቸው ስማቸውን ይለፍፉ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የሳቸው ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል መስማት የሚችለው እንድሪስ ብቻ ነበር።

እትዬ ጦይባ ከምሰሶው ሥር አልተነሱም። አፋቸው የሚንቀሳቀሰውን ሰው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ያያሉ። እንድሪስ መጥቶ ባዶው ቦታ ላይ ተቀመጠ። አሁን የሚቆጥረው አልነበረም።

«ምን ይላሉ?» አሉት። ድምፃቸው ልኩን ስቶ በጣም ጮኸ። «ስለኔ ምን ይላሉ?»

እጁ ላይ ከሰሌዳው በቀር የሚጻፍበት አልነበረም። በቅጹ መጨረሻ «ማስታወሻ» የሚል ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ጻፈና አሳያቸው፦ «ያለ እርስዎ ማን አለን ነው የሚሉት።»

እትዬ ጦይባ ሰሌዳውን ከዓይናቸው አርቀው ቀስ ብለው አነበቡ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ላላ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሰሌዳውን መለሱለትና ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት። ትንሽ ቆይተው፣ ማንም አያየኝም ብለው ይሆናል፣ ፊታቸውን ወደ ምሰሶው መለሱና ሁለት ጣታቸውን ከጆሮአቸው ጀርባ አሳርፈው፣ ለራሳቸው ብቻ፣ «ጦይባ» አሉ። ጠበቁ። «ጦይባ ሙሄ።»